በሕይወት ያለ ሰው ያስገቡ

በ2084 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በር ማለት ፎርም ነው። የዳቦ ቤቱም፣ የጤና ጣቢያውም፣ የባቡር ጣቢያውም እንደዚያው። ሰው በሩ ፊት ይቆማል፣ በሩ ስለ ሰውየው የሚያውቀውን በየሳጥኑ ደርድሮ ያሳየዋል፣ ሳጥኖቹ ሁሉ አረንጓዴ ከሆኑ ይከፈታል። አንዱ ቀይ ከሆነ አይከፈትም። ሕዝቡ ለምዶታል። ጠዋት ከቤት የሚወጣን ሰው «አረንጓዴ ያድርግልህ» ብሎ መሸኘት ከተጀመረ ቆይቷል፤ ምርቃቱን ማን እንደጀመረው ግን የሚያውቅ የለም።

ትርሲት የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ከሳጥኖቹ በላይ ምልክት መጻፍ ነው። ጃቫ በሚባለው፣ ከአያቶቻችን ዘመን በቀረ አሮጌ የኮምፒውተር ቋንቋ፣ አገሪቱ ሰውን የምትጠይቃቸው ሳጥኖች በሙሉ አንድ ቦታ ተዘርዝረዋል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ መኖሪያ፣ ተጠሪ። ከእያንዳንዱ ሳጥን በላይ አጫጭር ምልክቶች አሉ። «ባዶ አይሁን»። «ባለቤቱ ብቻ ይለውጠው»። ምልክቱን ሰው ይጽፋል፣ የቀረውን ማመንጫ የሚባለው ፕሮግራም ይሠራዋል። ማታ የተጻፈች አንዲት ቃል ጠዋት በየበሩ ጠባቂ ሆና ትገኛለች፤ ምን እንደምትጠይቅ፣ ማንን እንደምትከለክል፣ በቀይ ምን እንደምትጽፍ የሚነግራት አያስፈልግም።

ድሮ የየፎርሙን ማጣሪያ ሰው በእጁ ይጽፈው ነበር አሉ። አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ያጠብቃል፣ በዚህኛው መስኮት እንቢ የተባለ በዚያኛው ያልፋል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠውንም ሰው «እባክህ ወንድሜ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን በሩ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፣ የሚለመን ሰውም የለም። ትርሲት በዚህ ትኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚያኮራም ነገር ነበረው፤ ጉቦ የሚበላ በር እስካሁን አልታየም።

ታላቅ ወንድሟ በላቸው ደሴ ውስጥ የሞተው በግንቦት ወር ነው። ልቡን ያዘው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ቀብሩ በማግስቱ ተፈጸመ፤ የመቃብሩ በር ያልተመዘገበ ሙት ስለማያስገባ ሞቱ በዚያው ዕለት ተመዘገበ። ትርሲትም የራሷን ተጠሪ ከእሱ ወደ እናቷ ለወጠች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወጥታ ለእናቷ ምሳ አቀረበች።

እናቷ ወይዘሮ ሽታዬ በዚያ ሰሞን እሷ ቤት ነበሩ። ከደሴ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነው። የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ከዓመታት በኋላ ማየት ጀምረዋል፤ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ያነባሉ፣ የሳሙናውን መጠቅለያ ያነባሉ፣ በመስኮት አሻግረው የጎረቤቱን ማስታወቂያ ያነባሉ። ለበላቸው ደውለው «አየሁ ልጄ» ሊሉት ይፈልጋሉ። ትርሲት ስልኩ ውኃ ገብቶበት ነው አለቻቸው።

አጎቷ ጋሽ ምትኩ ከደሴ በየቀኑ ይደውላል።

«እንዳትሰማ» ይላታል። «እዚያ ሰው አገር ብቻዋን መርዶ አትስማ። ቤቷ ትግባ፣ ትደር፣ ጎህ ሲቀድ ዘመዱም ጎረቤቱም ተሰብስቦ፣ ሽማግሎቹ ባሉበት እንነግራታለን። አንቺ ብቻ ፊትሽን አታጥቁሪ። አብሽሪ።»

«ባቡሩ ተጠሪ ይጠይቃል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በመኪና አምጫት። በመኪና ሹፌሩን ነው እንጂ ተሳፋሪውን ማን ይጠይቃል?»

«ሐኪሙ መንገጫገጥ ከልክሏታል። ዓይኗ ይበላሻል አለኝ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ጋሽ ምትኩ። ነገሩ ገብቶታል። በባቡር ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ተጠሪ ያስመዘግባል፤ አንድ ነገር ቢደርስበት የሚጠራለት ሰው ማለት ነው። የወይዘሮ ሽታዬ ተጠሪ በላቸው ነው። ከተጠሪ ሳጥን በላይ ደግሞ አንዲት ምልክት አለች፤ «በሕይወት ያለ» የምትል።

ትርሲት መጀመሪያ የሞከረችው ቀላሉን መንገድ ነው። ታብሌቱን ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊልኝ።»

«ለምኑ?»

«ለባቡሩ ነው። ተጠሪሽን ወደ እኔ እናዙረው።»

ወይዘሮ ሽታዬ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ጥቁር መነጽር ወደ ግንባራቸው ገፉና ታብሌቱን ተቀበሏት። ማንበብ እንዳይቀርባቸው ነው።

«‹የለውጡ ምክንያት› ይላል። ‹ሞቷል። ጠፍቷል። ተጣልተናል።›» ቀና አሉ። «ከዚህ ውስጥ የኔ የቱ ነው?»

«ሦስተኛውን ንኪው። ለይምሰል ነው።»

«ከበላቸው ጋር ተጣልተናል ልበል? ምን አድርጎኝ? አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም።»

«ለፎርሙ ነው እኮ እማዬ።»

«ፎርም ነው ተብሎ በልጅ ላይ ይሟረታል? ምክንያት የለኝም፤ ባዶ ተዪው።»

«ባዶ አይሆንም።»

«ማነው አይሆንም ያለው?»

ትርሲት ማን እንዳለ ታውቃለች። ምልክቱን የጻፈው ቢሮ ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጥ ጨዋ ልጅ ነው። እናቷ ታብሌቱን መለሱላትና መነጽራቸውን አወረዱ፤ ቀኑን ሙሉም ተቀይመው ዋሉ።

በማግስቱ ወደ አለቃዋ ወደ አቶ አየልኝ ገባች። አቶ አየልኝ ክፉ ሰው አይደለም። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ፣ ነፍስ ይማር አላት፣ ውኃ አስመጣላት።

«‹በሕይወት ያለ› የምትለዋን ለአንድ ጠዋት ያንሡልኝ» አለችው። «እናቴ በሩን እስክታልፍ ብቻ።»

«ትርሲት፣ ከሳጥኑ በላይ ስታዪያት አንዲት ቃል ናት። ከሥሯ ግን አገር አለ። አንድ ጠዋት ብትነሣ በስንቱ በር ስንት ሙት ያልፋል?»

«ለእናቴ ብቻ ቢሆንስ?»

«ለአንድ ሰው ብቻ የሚጽፍ ማመንጫ የለንም። ይህን ለኔ ትነግሪኝ ነበር እንጂ እኔ ላንቺ አልነግርሽም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ እናት የወንድማቸውን ሞት የሰሙት ባንክ በር ላይ ነው። ዳቦ ለመግዣ ገንዘብ ሊያወጡ ሄደው።»

ትርሲት አመስግና ወጣች። አለቃዋ ልክ መሆኑን ማወቋ ከሁሉ የባሰ አናደዳት። እሷም በሱ ወንበር ላይ ብትሆን ይህንኑ ትል ነበር።

የቀራት መንገድ አንድ ነው። ደጋፊ ሆና አብራቸው በሩ ውስጥ ትገባለች፣ በእናቷና በጽሑፉ መካከል ትቆማለች፣ ተጠሪውን ለውጣ ጣታቸውን በፍጥነት ታስነካለች። ከጥቁሩ መነጽር የበለጠ ጥቁር ገዛችላቸው። «ፀሐዩ ከባድ ነው» አለቻቸው። ወይዘሮ ሽታዬም እሺ አሉ፤ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ስለሆነ ቅያሜያቸውን ትተዋል። ለበላቸው ሸሚዝ ገዝተውለት ነበር፤ ቀለሙን በራሳቸው ዓይን መርጠው።

የባቡር ጣቢያው ማለፊያ ሁለት የመስታወት በሮች አሉት። በመካከላቸው ሁለት ሰው የምታቆም ጠባብ ክፍል አለች። የፊተኛው በር ከኋላ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ሳጥኖቹ ሲያልቁ ይከፈታል። ያልተሟላ ፎርም ወደ ኋላም አያስመልስም፤ የጀመረ መጨረስ አለበት። ትርሲት ይህን ታውቃለች። አውቃም እናቷን ደግፋ ገባች፣ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

ስም አረንጓዴ ሆነ። መኖሪያ አረንጓዴ ሆነ። ትርሲት ወደ ፊት ተጠግታ ስክሪኑን በትከሻዋ ከለለች። ተጠሪ ቀይ ሆነ። የእናቷን እጅ ያዘች።

ያልጠበቀችው ነገር የመጣው ከጣሪያው ነው። የወይዘሮ ሽታዬ መዝገብ ገና «ማየት የሚቸገሩ» ይላል፤ ሐኪም ቤቱ አላደሰውም። ማየት ለሚቸገር ሰው ደግሞ በሩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ይህም የመጣው ከአንዲት ምልክት ነው፤ ለደጉ ታስቦ የተጻፈ።

«ተጠሪ» አለ ለስላሳ የሴት ድምፅ። «በሕይወት ያለ ሰው ያስገቡ።»

ከመስታወቱ ውጭ የቆመው ሰልፈኛ ወሬውን አቆመ። መርዶ ያልተነገረውን ሰው ሁሉም ሲያየው ያውቀዋል። መጀመሪያ የተናገሩት ከኋላቸው የቆሙ ነጭ ቆብ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት።

«ማሽኑ ተበላሽቷል እህቴ!» አሉ። «ቅድም እኔን ራሴን ሞተሃል ብሎኝ ነበር!»

«እውነታቸውን ነው» አለች ከሳቸው ኋላ የነበረች ነጋዴ፣ ሻንጣዋን ጥላ እየተጠጋች። «እኔንም አንገላቶኛል። ጠዋት ጀምሮ ነው እንዲህ የሚቀባጥረው። አይስሙት እማማ።»

ሌላውም ተቀበለ። የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ አንድ ደህና ማሽን ብልሽት ያለ አንዳች ዝግጅት ተራ በተራ መሰከሩ። ትርሲት ግንባሯን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ማልቀሷ እንዳይታወቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

«ተጠሪ» አለ ድምፁ። «በሕይወት ያለ ሰው ያስገቡ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ጥቁሩን መነጽር አውልቀው የልጃቸውን ጀርባ አዩ።

«ትርስዬ፣ የበላቸው ስልክ ውኃ ገባበት ያልሽኝ መቼ ነው?»

እናቷ ወደ ውጭ ዞሩና ሽማግሌውን በመስታወቱ አዩዋቸው።

«ወንድሜ» አሉ። «እርስዎ ይንገሩኝ። ማሽን አይንገረኝ።»

ሽማግሌው ትርሲትን ተመለከቱ። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፣ ሰልፈኛውም ሳይባል ዙሪያውን ተጠጋ፣ ነጋዴዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከደሴ ብዙ ርቀት ላይ፣ ጎህ ሳይሆን ረፋድ ላይ፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ዘመድ ሆኖ ቆመ።

«የልጅዎ ስም ማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«በላቸው።»

«በላቸው አርፏል እህቴ። አላህ ሰብሩን ይስጥዎ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ጮኹ። መስታወቱ ውስጥ የሚወድቁበት ቦታ ስላልነበረ ቆመው ነው ያለቀሱት፤ ልጃቸው አንድ ጎን፣ መስታወቱ ሌላ ጎን ሆኖ። ውጭ ያሉት አለቀሱላቸው። መስታወቱ መሐል ባይኖር ኖሮ ያቅፏቸው ነበር። ድምፁም ባላቋረጠ ትዕግሥት ተጠሪ እያለ ቀጠለ።

ባቡሩ ሊሄድ ሆነ። ወደ ኋላ በር የለም። ትርሲት ስክሪኑን ገለጠች፤ ተጠሪ በሚለው ሳጥን ላይ የራሷን ስም ጻፈች፣ ምክንያት በሚለው ሳጥን ላይ የመጀመሪያዋን ቃል መረጠች። የቀረው የባለቤቱ አውራ ጣት ነው።

«እማዬ፣ ንኪው።»

«አልነካም።»

«እማዬ።»

«እኔ በጣቴ ልጄ ሞቷል ብዬ አልፈርምም።»

ትርሲት የእናቷን እጅ ያዘች፣ የተጨበጠውን ጣት ፈለቀቀች፣ ስክሪኑ ላይ ጫነችው። ወይዘሮ ሽታዬ አቅም አልነበራቸውም። ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ፣ በሩ ተከፈተ፣ ድምፁም እናመሰግናለን፣ መልካም ጉዞ አለ።

ደሴ ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ሽማግሎቹ በጠዋት መጡ፣ አለቀሱ፣ ነገር ግን የሚነግሩት ነገር አልነበራቸውም። ወይዘሮ ሽታዬ በሩን አልወቀሱም፣ የመንግሥትንም ስም አላነሡም። ከሰልስቱ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ለልጃቸው፣ «ጣቴን ያዝሽኝ» አሏት። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም። ትርሲት ግን በቢሮ ወንበሯ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ትሰማው ነበር።

ስለዚህ አዲስ ቃል ጻፈች። «መርዶ» የምትል፤ ከተጠሪ ሳጥን በላይ፣ ከ«በሕይወት ያለ» ቀጥላ የምትቀመጥ። ተጠሪው የሞተበት ሰው ሲመጣ በሩ ቀይ አይሆንም፣ ድምፅም አያሰማም። መስታወቱ ይነጣል፣ ሰው እንዳያየው። ከግድግዳው ወንበር ይወጣል፣ ቆሞ እንዳይሰማ። ሰውየው ሲቀመጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በስሙ ይጠራውና በእርጋታ ይነግረዋል። ሁለተኛው በር የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ በማዶ በኩል የተጠሩ ዘመዶች ይቆያሉ። ጣት አይጠየቅም። «ተቀምጧል» ከሚለው ሳጥን በላይ «ግዴታ» ብላ ጻፈች፤ ቆሞ ሰምቶ የሚወድቅ ሰው እንዳይኖር ብላ ነው። አቶ አየልኝ አነበበና ዓይኑን ጠረገ። ማታ ጸደቀ፣ ጠዋት በየበሩ ነበረ።

ሰው ወደደው። ጋዜጦቹ «ሰው የሚያውቅ በር» አሉት። ከዚያም ማንም ያላሰበው ልማድ መጣ። ዘመድ መርዶ መንገር ተወ። ሽማግሌ መሰብሰብ፣ ውሸት መፍጠር፣ ፊት አለማጥቆር፣ ይህ ሁሉ ለምን? ማለፊያው ይነግረዋል ይባል ጀመር። ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ዓይኑ ከግድግዳው አይነሣም፤ ወንበሩ የሚወጣባት ስንጥቅ የት እንደሆነች ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። ሰው ባለፈ ቁጥር እፎይ ይላል። ወንበሩ የወጣበትን ደግሞ ሌላው ሰልፈኛ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀዋል፤ መስታወቱን የሚመታ ግን የለም።

በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ምትኩ ደወለ። ድምፁ ደህና ነበር።

«ለቅዳሜ ነይ እስቲ፤ እናትሽ ናፍቃሻለች።»

«ከትናንት ጀምሬ ብደውል አታነሣም።»

«ስልኳ ውኃ ገብቶበት ነው። ደግሞ በባቡር አትምጪ። በመኪና ነይ፣ በመኪና ይሻልሻል።»

ትርሲት እሺ አለች። አርብ ሥራ አመሸች፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በባቡር በቶሎ እደርሳለሁ ብላ አሰበች። ለእናቷ የማንበቢያ መነጽር ገዝታ ነበር። ሰልፉ አጭር ነበር። ተራዋ ደረሰ፣ ገባች፣ የፊተኛው በር ከኋላዋ ተዘጋ።

ስም አረንጓዴ ሆነ። መኖሪያ አረንጓዴ ሆነ። ተጠሪ የሚለው ሳጥን ቀይም አረንጓዴም አልሆነም። ነጭ እንደሆነ ቆየ። ከጉልበቷ አጠገብ ግድግዳው ተሰነጠቀና ወንበሩ ያለ ድምፅ ወጣ፤ መስታወቱም ቀስ እያለ ነጣ። ከኋላዋ የነበረው የሰልፈኛ ወሬ ተቋረጠ።

«እባክዎ ይቀመጡ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ስልኳ ውኃ ገብቶበት ነው። በመኪና ነይ። ትርሲት ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ከማንም ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ካልተቀመጠች አይነገራትም። ካልተነገራት አይከፈትም። ወደ ኋላ በር የለም። ከሳጥኑ በላይ ያለችውን ቃል ማን እንደጻፋት ታውቃለች፤ በአገሩ ሁሉ ያለ በር ሁሉ እኩል እንደሚያከብራትም ታውቃለች። እናቴ አለች በልቧ፣ ከዚያ በላይ እንድታስብ ለራሷ አልፈቀደችም። ወንበሩ ትራስ አለው፤ ትራሱ እንዲኖረው የጠየቀችውም እሷ ናት።

«እባክዎ ይቀመጡ።»

ከነጣው መስታወት ማዶ አንድ እጅ በመዳፉ መታ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም። ዕድሜዋ የጠና ሴት ድምፅ ነው።

«አይዞሽ እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው። እኔንም ቅድም አንገላቶኛል።»

«አዎ» አለች ትርሲት ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ። «ተበላሽቷል።»